አባይን እንዳይሻገር የተገዘተ ድምፅ

ኅዳር 2006 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል አንድ ሰርቨር ተነቅሎ በነጭ ፒካፕ ላይ ተጫነ። የርክክብ ወረቀት ተፈረመ። የወሰደው መሥሪያ ቤት የሰጠው ምክንያት የአገር መረጃ ያለ ፈቃድ ከአገር ወጥቷል የሚል ነበር።

በዚያን ጊዜ ከምሥራቅ ጎጃም ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና እልክ ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ዜናው በዕለቱ ተነበበ። አጭር ነበር፤ ሰርቨሩ ውስጥ ስለነበረው ድምፅ አንድም ቃል አልነበረውም።

ሰርቨሩ የሶፍትዌር ማከማቻ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ሠርተው ማንም እንዲወስደው በነፃ የሚለቁት ሶፍትዌር አለ፤ ክፍት ምንጭ ይሉታል። እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ጥቅል ተደርጎ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፣ የፈለገ ኮምፒውተር ጠርቶ ይወስዳል። ማከማቻዎቹ ያሉት ውጭ አገር ነው። የማርቆስ ኢንተርኔት ደግሞ አንድ ጥቅል ሳያወርድ የክፍለ ጊዜው ደወል ይደወላል። ስለዚህ የኮሌጁ የኮምፒውተር መምህር በአውሮፓ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጻጽፎ የእነሱን ማከማቻ ሙሉ ግልባጭ ማርቆስ ላይ አስቀመጠ። ተማሪዎቹ የሚፈልጉትን ከጎረቤት ክፍል እንደሚያመጡ ያህል በአንድ አፍታ ያገኙ ጀመር። በምላሹ የአውሮፓው ማከማቻ ማርቆስ ላይ የተሠራውን፣ የአማርኛ መተየቢያውን፣ የፊደል ቅርጾቹን፣ የቃላት ማረሚያውን በየሳምንቱ እየገለበጠ ይወስድ ነበር። ቅብብሉን የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ ሰው አይነካውም።

መምህሩ የደሴ ልጅ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። በሥራው ሲቀልዱበት አይቆጣም፤ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

ከደብረ ወርቅ በእግር መንገድ የሚደረስበት አንድ የቅኔ ቤት ነበር። የቤቱ መምህር፣ ተማሪዎቻቸው የኔታ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል። በዚያ ዓመት ደግሞ ጉሮሯቸው ማበጥ ጀመረ። የማርቆስ ሐኪም አዲስ አበባ ይሂዱ አለ። አልሄድም አሉ። ሐኪሙ ድምፃቸው ቀስ በቀስ እንደሚዘጋ ነግሮ ሸኛቸው።

ይህ ከማንም ይልቅ ያስደነገጠው አስነጋሪያቸውን ነው። አስነጋሪ ማለት ከመምህሩ ሥር ሆኖ ታናናሾቹን የሚያስተምር፣ መምህሩ ሲያልፍ ወንበሩን የሚወርስ ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን እዚያ ቤት ጨርሷል፤ ጎልማሳ ሆኗል። ቅኔውንም ግሡንም አዝልቋል። የቀረው አገባብ ብቻ ነበር፤ የግዕዝ ቃላት እንዴት እንደሚገቡና እንደሚወጡ የሚያሳየው የመጨረሻው ትምህርት። አገባብ በዚያ ቤት አይጻፍም። ከመምህሩ አፍ ይቀበሉታል፣ መልሰው ለመምህሩ ያሰሙታል፣ መምህሩ ራሳቸውን በአዎንታ ከነቀነቁ ያዘው ይባላል። ሙሉውን ያልተቀበለ አይመሰከርለትም፤ ያልተመሰከረለት ወንበር ላይ አይቀመጥም። የኔታ ሳይጨርሱለት ድምፃቸው ቢዘጋ አስነጋሪው ምንም ነው፤ ቤቱም ይዘጋል።

ከኮሌጁ የማታ ተማሪዎች አንዱ ዲያቆን ስለነበር ለአስነጋሪው ስለ ኮምፒውተር መምህሩ ነገረው። አስነጋሪው ማርቆስ መጥቶ ለመነው። መምህሩ ላፕቶፑንና ማይክሮፎኑን ይዞ ወጣ። እኔም ለፕሮግራም የሚሆን ነገር አገኛለሁ ብዬ አብሬ ሄድሁ።

የኔታ ከጎጇቸው በር ላይ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ላፕቶፑን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይቺ ሣጥን ትጾማለች?»

«መብራት ሲጠፋ ትጾማለች፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ከነዚህ ትሻላለች» አሉ፣ ወደ ተማሪዎቹ በአገጫቸው እያመለከቱ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

«ቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው፤ እኔ ሙስሊም ነኝ» አለ መምህሩ።

«ማን ጠየቀህ? የቸገረኝ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ይናገራል።»

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አሉ። ድምፄ አባይን እንዳይሻገር። ጎጃም ውስጥ ያለ ይስማው፤ ሌላው ከፈለገ እግር አለው፣ ይምጣ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ስለ ራሳቸው መምህር ነገሩኝ። ብቸኛ የነበረውን ብራና አንድ እንግዳ ፎቶ አንሥቼ እመልሳለሁ ብሎ ወስዶት ነበር።

«መለሰው?» አልሁ።

«ገና እያነሣ ነው።»

መምህሩ ሰርቨሩ ማርቆስ እንደሆነ፣ ከክፍሉ እንደማይወጣ ነገራቸው። አውሮፓዎቹ የሚወስዱት ሶፍትዌሩን ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ እሱ የሚያውቀው እውነት ይኸው ነበር።

ቅጂው ሳምንታት ወሰደ። የኔታ ጠዋት ጠዋት ድምፃቸው ሲከፈት ያወርዱታል፣ ሲሰልላቸው ያቆማሉ። የተቀዳው በአንድ ጥቅል ሆኖ ከአማርኛ መተየቢያው ጎን ማከማቻው ውስጥ ተቀመጠ፣ ቦታ ስለሚይዝ ከላፕቶፑ ተጠረገ፤ በኮሌጁ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ሌላ መንገድ አልነበረውም። አስነጋሪው በየሳምንቱ በገበያ ቀን ማርቆስ ይመጣል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ በቀጥታ ከሰርቨሩ እየሰማ አንድ ክፍል ይይዛል፣ ተመልሶ ለየኔታ ያሰማል። የኔታ በዚህ ተስማሙ። ቃሉ የእሳቸው ነው፣ የሚነቀንቁትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱም ያስፈልጉት ነበር፤ የተቀዳው ድምፅም፣ በሕይወት ያሉት ሽማግሌም።

ቅጂው ያለቀ ዕለት የኔታ «በሉ ግዝቱን ጻፉበት» አሉ።

የብራና መጽሐፍ ሲያልቅ ጸሐፊው መጨረሻው ላይ ግዝት ያኖርበታል፤ የሰረቀው፣ የፋቀው፣ ካለበት ደብር ያወጣው የተወገዘ ይሁን ብሎ። ግዝት የሌለው መጽሐፍ በር እንደሌለው ቤት ነው የሚቆጠረው። አስነጋሪው በግዕዝ አሳምሮ ጻፈው፤ የየኔታን ቃል ከአባይ ማዶ የሚያሻግር ሁሉ ይወገዝ የሚል።

«የት ላይ ይሁን?» አለ።

እያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ አንድ ሰነድ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ጥቅሉን ማን ምን ሊያደርገው እንደሚችል የሚጻፍበት፣ ፈቃድ የሚባለው። የየኔታ ጥቅል ውስጥ ይህ ቦታ እስከዚያ ቀን ባዶ ነበር።

«ፈቃዱ ቦታ ላይ እናድርገው» አለ መምህሩ። ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው ብሎ ያልተስማማ በግቢው ውስጥ አልነበረም።

መምህሩ በኋላ የሰርቨሩን መዝገብ አይቶ የነገረኝ እንዲህ ነው። የአውሮፓው ማከማቻ ፈቃድ የሌለው ጥቅል አይገለብጥም፤ ደንቡ ነው። ፕሮግራሙ የሚያየው የፈቃድ ሰነድ መኖር አለመኖሩን ነው፤ ምን እንደሚል አያነብም። የየኔታ ድምፅ ፈቃድ ስላልነበረው ለሳምንታት ማንም ሳይነካው ማርቆስ ተቀምጧል። ግዝቱ በፈቃዱ ቦታ በገባ በሚቀጥለው እሑድ ፕሮግራሙ መጣ፣ ሰነድ አገኘ፣ ጥቅሉን ከነግዝቱ ገልብጦ ሄደ። ከዚያም ከአውሮፓው የሚገለብጡ ሌሎች ማከማቻዎች ወሰዱት።

ይህን ያወቀው መጀመሪያ መምህሩ አይደለም። ሰርቨሩን በኋላ የወሰደው መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል ኃላፊ ነው። ውጭ አገር ያለ የአገር መረጃ ካለ ፈልጋችሁ አሳውቁ የሚል መመሪያ ደርሶት ሲፈልግ አገኘው። ኃላፊው የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። በልጅነቱ የየኔታ ቤት ገብቶ ነበር፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይዘልቅ ወጥቶ ወደ አስኳላ ሄደ። ለመምህሩ ወይም ለኮሌጁ አንድ ቃል ሳይናገር ለእኔ ደወለልኝ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ደብር ና። ጥሩ ዜና አለህ።»

ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ዋርካው ሥር ቆሞ ነበር። ኃላፊው መምህሩን በመኪናው አምጥቶታል፤ ለምን እንደሆነ አልነገረውም። ላፕቶፑን የሰበካ ጉባኤው ሰዎች በሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ አኖረና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። የየኔታ ድምፅ ወጣ። ከጥቂት ወራት በፊት የነበረው ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ግቢውን የሚሞላ።

«የኔታ፣ ይህን ድምፅ ያውቁታል?»

የኔታ የሆነ ነገር አሉ። በዚያ ጊዜ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወርዷል።

«ምን አሉ?» አለ ከኋላ የቆመ ሰው።

«የእኔ ነው አሉ» አለ አስነጋሪው።

ኃላፊው ላፕቶፑን አላጠፋውም። ከበላዩ እየጮኸ ጠየቀ። «ከየት እንዳመጣሁት ያውቃሉ?»

«ከማርቆስ» አለ አስነጋሪው፣ የየኔታን ከንፈር እያየ።

«ከማርቆስ አይደለም። ትናንት ከአውሮፓ ነው ያወረድሁት። ማንም ፈረንጅ እየሰማው ነው። ግዝትዎም አብሮ ሄዷል፣ ላንብበው?» ማንም አንብብ ሳይለው ማንበብ ጀመረ። ግዕዙ አስቸገረው። አንዱን ቃል በንባቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነሣው የኔታ እጃቸውን አወዛወዙና ጆሮውን ወደ አፋቸው ላስጠጋው አስነጋሪ የሆነ ነገር ነገሩት።

«ወዳቂ ነው፣ አታንሣው ይሉሃል።»

ሰዎች ሳቁ። የኃላፊው ፊት ደም መሰለ።

«እኔን ማረም ይቻላል፣ የኔታ። ይሄን የሚያርም ካለ እስቲ ያርመው።» ወደ መምህሩ ዞረ። «ተናገር እንጂ! ተሻግሯል፣ አልተሻገረም?»

መምህሩ ስልኩን አውጥቶ የአውሮፓውን ማከማቻ ከፍቶ አየ። ከዚያ ወደ የኔታ ቀረበ።

«ተሻግሯል፣ የኔታ።»

«አንተ አሻገርኸው?» ይህን ሁላችንም ሰማነው፤ የኔታ ባላቸው ኃይል ነው የጠየቁት።

«ፕሮግራሙ በራሱ ነው የሚገለብጠው። እኔ...»

«አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«ድሮስ ከደሴ የመጣ የጎጃምን ነገር ሊጠብቅ!» አለች አንዲት ሴት። ሌላው ቀጠለ፦ «በስንት ሸጥኸው፣ ወንድም?» ሌላው «ተዉት፣ ሣጥኗ ናት የሠራችው፣ እሷን ንስሐ አስገቧት» አለ። ሳቁ ለረጅም ጊዜ አልቆመም። መምህሩ እጁን አጣምሮ ቆመ። የኔታ አላስቆሟቸውም።

አስነጋሪው ተንበረከከ። «የኔታ፣ ማዶ ያለው ይቆይ። የማርቆሱ አንድ ነገር ቢሆን ያኛው ይኖራል። አገባቡ ገና ግማሽ ላይ ነኝ።»

«የተገዘተ ነገር ላንተ ሲባል ይፈታ?»

«ጉሮሮዎ...»

«ጉሮሮዬን ተወው።» ኃላፊው ወዳለበት ፊታቸውን አዞሩ። «መልሱት።»

«ይመለሳል፣ የኔታ። መንግሥት አለ» አለ ኃላፊው። ለእኔ ደግሞ፣ «ጻፍ፣ ይህ የመረጃ ሉዓላዊነት ይባላል። የአገር መረጃ በአገር ልጅ እጅ፣ በአገር ሕግ ሥር» አለኝ።

ስንመለስ ኃላፊው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። «ያኔ ‹ይህ ድንጋይ› ነበር የሚሉኝ» አለ። «በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ዛሬ ድንጋዩን ለመኑ።» ሹፌሩ መሪውን እየመታ ሳቀ። መምህሩ ከኋላ ከእኔ ጋር ነበር።

ኃላፊው ለአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ጻፈ። መረጃው የአገሪቱ ሀብት መሆኑን፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መወሰዱን ገልጾ ከነቅጂዎቹ እንዲነሣ ጠየቀ። የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። መልሱ በማግሥቱ መጣ። በስልክ አነበበልኝ፤ ደስ ብሎታል። ይቅርታ ጠይቀዋል፣ የማኅበረሰቡን መብት እንደሚያከብሩ ገልጸዋል፣ ጥቅሉን አጥፍተውታል። እሱም ራሱ ያወረደውን ከላፕቶፑ ማጥፋቱን ነገረኝ።

ለመምህሩ ስነግረው ከወንበሩ ተነሣ።

«አጠፉት? ከሁሉም ላይ?»

«ከእነሱ ላይ ነው ያሉት።»

«ከእነሱ ላይ ከጠፋ ከሁሉም ላይ ጠፋ ማለት ነው። ከእነሱ የሚገለብጡት ሁሉ መጥፋቱንም ይገለብጣሉ።» እስከ ከሰዓት ድረስ አንድ በአንድ እየገባ አየ። ከአንዱም ላይ አልነበረም። የየኔታ ድምፅ ያለው አሁን አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የማርቆሱ ሰርቨር ላይ። በእነዚያ ቀናት የሽማግሌው ቃል ተፈጽሟል። ድምፃቸው ጎጃም ውስጥ ነበር፣ ከጎጃም ውጭ የትም አልነበረም።

መምህሩ በሌላ ዲስክ ቅጂ ለማስቀረት ኮሌጁን ፈቃድ ጠየቀ። ጥያቄው ለኃላፊው ተመራ። ኃላፊው ጉዳዩ በምርመራ ላይ ስለሆነ ምንም ዓይነት ቅጂ እንዳይወሰድ አዘዘ፣ ክፍሉንም አሸገ። መምህሩ ትእዛዙን አከበረ። ከሳምንት በኋላ ያ ማክሰኞ መጣ።

የገበያ ቀን ስለነበር አስነጋሪው እንደ ልማዱ ከደብረ ወርቅ ተነሥቶ መጥቷል። የኮሌጁ በር ላይ ሲደርስ ፒካፑ እየተጫነ ነበር። የሬዲዮ ሰው መሆኔን ስለሚያውቅ ወደ እኔ መጣ።

«የኔታ ያሉበት እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ጋቢውን አወለቀ፣ አጣጥፎ ሰርቨሩ ሥር አደረገው፣ በመንገዱ እንዳይናጥ። ሹፌሩ አይቶ ጎትቶ አወጣውና ወረወረለት። «ቁንጫህን ይዘህ ሂድ። ይሄ የመንግሥት መኪና ነው።»

መምህሩ ኃላፊውን ለብቻው ሊያናግረው ሞከረ። ቆሜ ከነበርሁበት ይሰማኝ ነበር።

«እዚሁ እርስዎ ባሉበት፣ ያችን አንዷን ፋይል ብቻ ላውጣለት። ሰውየው ትምህርት ላይ ነው።»

«ግልባጭ አልበቃህም?» አለ ኃላፊው፣ መኪናው ውስጥ ገባ።

በኮሌጁ የመምህራን ክበብ ውስጥ ነገሩ የሻይ ሰዓት ወሬ ሆነ። አንዱ የፊዚክስ መምህር፣ «የማርቆስ ኢንተርኔት ራሱ አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ደርሶ ነው የሚመጣ። ሰውየው ወንዝ ውስጥ ቆሞ እግሬን አላረጥብም ብሎ ማለ» አለ፤ የኮምፒውተር መምህሩ ጎኑ ተቀምጦ ነበር። ‹ኮንትሮባንድ› የሚል ስም ወጣለት። ማከማቻው ስለሌለ ተማሪዎቹም አንድ ፕሮግራም ለማውረድ ወረፋ ይጠብቁ ጀመር፤ ይህንንም መምህሩ ላይ ላከኩት።

አስነጋሪው በገበያ ቀን ገበያ ቀን ኮሌጅ መሄዱን ትቶ ወደ ኃላፊው ቢሮ መሄድ ጀመረ። ድምፁን ቁጭ ብዬ ልስማ፣ አልወስደውም ይላል። ምርመራው አላለቀም ይሉታል። የዘበኛው ቀልድ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ነበር፤ «የኔ ቢጤ፣ ዛሬ ሰንበቴ የለም፣ እለፍ።» አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ኃላፊውን ስለ ጉዳዩ ጠየቅሁት። ሕጉን አነበበልኝ። ሕጉ እንዳለው ነው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «እሱ ሊቅ ቢሆን ለማን ይጠቅማል?» አለኝ።

በጥር የኔታን ለማየት ሄድሁ። አልጋ ላይ ነበሩ። ድምፃቸው ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ የሚተነፍሱት በፉጨት ነው። አስነጋሪው እግራቸው ሥር ተቀምጦ የያዘውን አገባብ ከመጀመሪያው ያሰማል። የኔታ በየክፍሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እስከዚህ ነው» አለኝ። «ከዚህ ወዲያ አልያዝሁትም።»

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ጥቂት ቆይተው ዘጉት።

«ልገምት?» አላቸው። አስነጋሪው ቀጣዩን ቃል ይዞ እንዲህ ይገባል አለ። የኔታ ራሳቸውን በእምቢታ አወዛወዙ። እንዲህ ይሆን? አወዛወዙ። እንግዲያው እንዲህ? አወዛወዙ። ተማሪዎቹ በበሩ ተሰብስበው ያያሉ። ፀሐይዋ ከበሩ እስክትርቅ ድረስ በዚያው ቀጠሉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልነቀነቁም። በመጨረሻ የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱት፣ አፉን አገኙ፣ በመዳፋቸው ከደኑት።

በዚያው ወር መጨረሻ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው ነበር። ኃላፊውም መጥቶ ነበር፤ ስለ አገር ቅርስ አጭር ንግግር አደረገ። ንግግሩን ቀድቼ ለጣቢያው ልኬዋለሁ፣ ሙሉው ተላልፏል።

ከፋሲካ በኋላ ምርመራው ተዘጋ። ወንጀል አልተገኘም። ሰርቨሩ ለኮሌጁ ተመለሰ። መምህሩ ሲከፍተው ዲስክ አልነበረበትም። ኃላፊውን በስልክ ጠየቅሁት።

«የወሰድነው ሰርቨር ነው፣ የመለስነው ሰርቨር ነው። ርክክቡ ላይ ዲስክ የሚል ቃል አለ?»

ርክክቡን አየሁት። ዲስክ የሚል ቃል የለም። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ዲስኮቹ ተጠርገው ለቢሮ ኮምፒውተሮች መዋላቸውን ነግሮኛል። ሁለተኛ ምስክር አላገኘሁም። ለአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ ጻፍሁ፤ የጠፉ ነገሮች መጠባበቂያ ቅጂ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንደሚቆይ፣ ጊዜውም እንዳለፈ መለሱልኝ። ከተማሪዎቹ መካከል ጥቅሉን ጭኖ ያስቀረ እንዳለ መምህሩ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ከፍቶ ፈለገ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ኮምፒውተሮች ተጠርገው እንደገና ተጭነው ነበር። በሐምሌ ዝውውር ጠይቆ ሄደ።

የሰበካ ጉባኤው ወንበሩን ለአስነጋሪው ይሰጠው እንደሆነ መከረ። አንድ ሽማግሌ፣ «ማን መሰከረለት?» ብለው ጠየቁ። በአስነጋሪው ፋንታ ከሌላ የቅኔ ቤት የተመረቁ መምህር መጡ። ግሣቸውም አገባባቸውም ሌላ ነው። የዚያ ቤት ደንብ ከሌላ ቤት የመጣ ተማሪ የቀድሞውን ትቶ ከታች እንዲጀምር ነው፤ አስነጋሪው ግን ራሱ ያስተማራቸው ልጆች ፊት ከታች መጀመሩን አልፈለገም። አኮፋዳውን ይዞ ወጣ።

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ለሌላ ሥራ መርጡለ ማርያም ሄጄ በአቅራቢያው ወዳለ አንድ የቅኔ ቤት ጎራ አልሁ። የዚያ ቤት መምህር ከአስነጋሪው በዕድሜ ያንሳሉ። ጀማሪዎቹ በአጥሩ ጥግ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ የሚቆጥሩት፣ ማለት የሚያቀናብሩት፣ ጉባኤ ቃና ነው፣ የቅኔ የመጀመሪያው ደረጃ። አስነጋሪው ከመካከላቸው ተቀምጧል። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ የቆጠረውን አሰማ። መምህሩ አረሙት፣ ተቀመጠ።